ኋላ የወረደው ካርታ

ገመዱ ተወጠረ፤ ሁለቱ ፈረሶች በቦዩ ዳር ጭቃ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሳቡ፤ ጀልባዋም ከኮርቲቼላ የውኃ በር እየተንገጫገጨች ወጣች። ኦርሶላ ከወንበሯ ጫፍ ተንሸራትታ የዶን ላታንዚዮን የወይን ጠርሙስ ልትደፋው ስትል ለጥቂት በክርኗ ደገፈችው። በእጇ እንዳትይዘው እጇ ላይ ካርታ ነበረ። ኦርሶላ ካርታ ስትበውዝ ጀልባ ቢሰምጥም እጇን አትፈታም። ይህን የቦሎኛ ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ የማያውቁት ባሎቻቸው ብቻ ናቸው።

«ጠርሙሱን አደራ፣ ኦርሶላ» አሉ ካህኑ ዶን ላታንዚዮ። «እስከ ማላልቤርጎ ሌላ የለኝም።»

«እስከ ማላልቤርጎ ይኼ ይበቃዎታል፣ አባቴ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ የእህትዎ ልጅ ክርስትና ላይ ይክሱታል።»

ካህኑ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወደ ፌራራ የሚሄዱት ለክርስትናው ነበር፤ የሚያሳዝናቸው ነገር ቢኖር በመንገዱ ላይ ታሮኪ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ አብሯቸው የሚጫወት አራተኛ ሰው መጥፋቱ ነው። እሳቸው አንድ፣ ኦርሶላ ሁለት፣ ኦርሶላ ጡቷን አጥብታ ያሳደገቻት ጂኔቭራ ሦስት። አራተኛው ሰው አለ፤ ግን ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሞ ውኃ ያያል። ያ ሰው የፌራራው የቃጫ ነጋዴ ኤርኮሌ ነው። ጉዞው ሁሉ የሱና የጂኔቭራ ጉዳይ ነበር።

ጂኔቭራ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በአባቷ ሱቅ የሌሎችን ሙሽሮች የሐር ዓይነ ርግብ እየሸጠች አድጋ፣ አባቷ ሲሞት ሱቁ ለወንድሟ፣ ዕድሜው ለሷ ደረሳት። ባለፈው ብርድ ወራት ኤርኮሌ ለዕቃ መጠቅለያ የሚሆን ቃጫ ሊሸጥ ሱቃቸው መጣ፤ ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት ተመላለሰ፤ በአራተኛው ሽማግሌ ላከ። ወንድሟ በደስታ እሺ አለ። እሷ ግን «እስከ ማላልቤርጎ ድረስ ላስብበት» ብላ መለሰች። የቦሎኛ ቦይ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ፌራራ የሚያሻግረው የኤርኮሌ የራሱ ጀልባ ነው። ኤርኮሌም ይህን ሰምቶ «ማላልቤርጎ ላይ ከወረድሽ ሚስቴ ነሽ፤ ካልወረድሽ ይቺው ጀልባ ትመልስሻለች፤ አልቀየምም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ንግግር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት፣ ጀልባዋ ከቦሎኛ ወደብ ሳትለቅ፣ ጂኔቭራ ሞግዚቷን ከቅርጫቶቹ ጀርባ ይዛት ገብታ ነበር።

«ካርታውን አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለቻት። «ይወደኛል ወይ ብለሽ አይደለም። ይወደኝ ይሆናል። የኢዞታን ቦታ ነው የሚሰጠኝ ወይስ የራሴን?»

ኢዞታ የኤርኮሌ የመጀመሪያ ሚስቱ ናት፤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ።

«ስለ እሷ ነግሮሽ ያውቃል?»

«አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስሟን እንኳን ከወንድሜ ነው የሰማሁት። ክንዱ ላይ ያለውን ጥቁር ጥብጣብ ግን አንድ ቀን ሳያስር አይቼው አላውቅም።» ጂኔቭራ ዝቅ ብላ ጫማዋን አየች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ምንም አላደረገችኝም። ግን በሞተች ሴት መቅናት ምን ይባላል፣ እማማ?»

«ሰው መሆን ይባላል።»

«ፌራራ ስገባ ዘመዶቿ ‹ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ› ሲሉኝ ይታየኛል። እሷ በመረጠችው አልጋ፣ እሷ በሰቀለችው መጋረጃ ውስጥ… ካርታው የሷን ቦታ ነው የሚሰጥሽ ካለኝ አልወርድም። ካንቺ ጋር እመለሳለሁ።»

ኦርሶላ ያን ጊዜ ልቧ ላይ አንድ ነገር ድንብር ሲል ተሰማት። ካንቺ ጋር እመለሳለሁ። ቶሎ ብላ ደስታዋን ገታችው። ካርታ አንባቢ ለራሷ አታነብም፤ የራሷን ምኞት ይዛ የሰው ጥያቄ ላይ የተቀመጠች ሴት ደግሞ ካርታ ብትገልጥ ምኞቷን ብቻ ነው የምታየው። ይህ የኦርሶላ የመጀመሪያ ሕግ ነበር። ሁለተኛው ሕግ ካህን ባለበት ካርታ አለመግለጥ ነው። ሁለተኛውን ለማለፍ መላ ነበራት።

«ስሚኝ» አለቻት። «ካርታ መግለጥ ኃጢአት ነው፤ ታሮኪ መጫወት ግን ኃጢአት አይደለም። ለዚህ ዶን ላታንዚዮ ምስክር ናቸው። ስለዚህ እንጫወታለን። የወጣው ይወጣል፤ የወደቀውን እኔና አንቺ እናነበዋለን።»

የምልክቶቹን ትርጉም ጂኔቭራ ከልጅነቷ ታውቃቸዋለች። መልአኩ ሰርግ ነው፤ የሰይፍ አሥር እንባ፤ የዋንጫ አስ ቤት፤ የበትር ፈረሰኛ በር የሚያንኳኳ ሰው። በአንድ እግሩ የተሰቀለው ከሃዲም ከነስሙ ክህደት ነው። የቀሩት አራቱ ሞሮች ናቸው። እነሱ አዲስ ናቸው፤ ቀድሞ በቦታቸው ጳጳሳትና ነገሥታት ነበሩ። ከላይ በመጣ ቁጣ፣ ጳጳስ በቁማር ጠረጴዛ ላይ መንከባለል ነውር ነው ተብሎ ተሻሩና ጥምጥም ያሰሩ፣ ጦር የያዙ አራት የባሕር ማዶ መኳንንት ተተኩ። ሥዕሉ ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። አራቱም እኩል ናቸው፤ ማንም ከማንም አይበልጥም።

«እኩል ስለሆኑ» አለች ኦርሶላ «በፍቅር ጉዳይ አንድ ልብ ላይ እኩል መብት ያላቸው ሰዎች ማለት ናቸው። አንዱ ሞር ኢዞታ ናት፤ ሌላው አንቺ። ሲወርዱ ዓይንሽን ግለጪ።»

እንግዲህ አሁን የቀረው አራተኛው ሰው ነበር።

«ሲኞር ኤርኮሌ!» ጮኹ ዶን ላታንዚዮ። «ኧረ ልጄ፣ ውኃው የትም አይሄድም! ና ተቀመጥ፣ ተጣማጄ ትሆናለህ።»

ኤርኮሌ ዞረ። ትከሻው ሰፊ፣ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ የነጣ፣ ፊቱ እርጋታ ያለበት ሰው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። ካርታ አልጫወትም።»

«ፌራራ ውስጥ ታሮኪ የማይችል ሰው አለ እንዴ?»

«እችላለሁ። አልጫወትም እንጂ።»

ጂኔቭራ ከንፈሯን ነከሰች። ኦርሶላም ገባት፤ ልጅቷ ይኼንንም ከኢዞታ ጋር የተቀበረ ነገር አድርጋ ቆጥራዋለች። ጂኔቭራ እንዲህ ስትሆን ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ኦርሶላ ጡጫዋን ጨበጠችና ጠረጴዛውን አንዴ ደህና አድርጋ መታችው። በታሮኪ ጨዋታ ወሬ የተከለከለ ነው፤ ተጣማጆች ከሚፈቀዱላቸው ጥቂት ምልክቶች አንዱ ይኼ ምት ነው። ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው፤ ያለህን ትልቁን ጣል።

ኤርኮሌ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ። የኦርሶላን ጡጫ አየ፣ ከዚያ ጂኔቭራን አየ። ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ፤ መጥቶ ከካህኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«አንድ ጨዋታ ብቻ» አለ።

«እሱን ስትሸነፍ እንነጋገራለን» አለች ኦርሶላ። ይህን ስትል አንቱታውን የረሳችው ሆን ብላ ነበር።

ካርታው ታደለ። ኦርሶላና ጂኔቭራ ተጣማጅ ሆነው ፊት ለፊት፣ ወንዶቹም እንዲሁ። ሽታው የሚከረፋው የቃጫ መዘፍዘፊያ ኩሬ በቀኝ አለፈ፤ ድልድይ በላያቸው አለፈ፤ አንድ ገበሬ ከዳር ሆኖ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ጠየቀ። «ቤተ ክርስቲያን!» ሲሉ መለሱለት ዶን ላታንዚዮ።

እውነታቸውን ነበር። መልአኩ ከሁሉ የሚበልጠው ካርታ ነው፤ እሱ ከካህኑ እጅ ወጣ። ኦርሶላ በዓይኗ ጂኔቭራን ጠቀሰቻት። ሰርግ ከካህን እጅ ሲወጣ ደንብ ነው። በዚያው ዙር ከሃዲው ከራሷ ከኦርሶላ እጅ ወርዶ በመልአኩ ተበላ። ይህም መልካም ነው፤ ክህደቱን ሰርጉ በላው። ጂኔቭራ ትንሽ ቀና አለች። ሁለት ሞሮች በየፊናቸው በሌላ ካርታ ተበልተው አለፉ፤ እነሱ የማንም አይደሉም። ሁለቱ ቀሩ። አንደኛው የት እንዳለ ኦርሶላ ታውቃለች፤ ጂኔቭራ ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ አንዲት ካርታ በአውራ ጣቷ ትደባብሳለች። ካርታ የያዘች ሴት ሳትሆን ጥርሱን ያመመው ልጅ የያዘች ትመስላለች።

በየእጃቸው ሦስት ሦስት ካርታ ሲቀር ዙሩን የመምራት፣ ቀድሞ የመጣል ተራው የኤርኮሌ ሆነ።

ረጅም ጊዜ አሰበ። ካህኑ በጣታቸው ጠርሙሱን ይቆረቁራሉ። ኤርኮሌ አንድ ካርታ አነሳ፣ መለሰው፣ ሌላውን ሳብ አደረገና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሞር ነበር።

ኦርሶላ ሌላውን የሚበላ አለቃ ካርታ አልቆባታል፤ ከቀሯት ተራ ካርታዎች አንዱን ጣለች። የሰይፍ አሥር። ዶን ላታንዚዮም እንደሷ ባዶ ነበሩ፤ የዋንጫ አሱን ጣሉ። ጂኔቭራ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ቀረ። ከዚያ ስትደባብሳት የነበረችውን ካርታ በቀስታ ከሁሉም በላይ አስቀመጠች።

ሁለት ሞሮች በአንድ ዙር።

«አየር ልውሰድ» አለች፤ ድምፁ የሷ አይመስልም። የቀሯትን ሁለት ካርታዎች ገልብጣ ተነሳችና ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄደች። ዙሩን እንኳ አልሰበሰበችም።

«ኧረ ጨዋታ ላይ ነን!» አሉ ካህኑ። መልስ ሲያጡ ቁጣቸውን ወደ ተጣማጃቸው አዞሩ። «አንተ ደግሞ! በጤናህ ነው በሞር የምትመራው? እስቲ አሳየኝ የቀረህን።» ሳይፈቀድላቸው ካርታውን ከእጁ ነጥቀው ገለጡትና ፊታቸው ቀላ። «ሞርን የምትበላውን ፀሐይን ይዘህ! ኦርሶላ፣ እይልኝ ይኼን ሰው! ፀሐይን ይዞ በሞር ይመራል! ፀሐይን ብትጥል ዙሩም ሞሯም የኛ ነበሩ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ ኤርኮሌ።

«ታውቃለህ?»

«ሞሩ እሷ ጋ እንዳለ አውቄያለሁ። እኔ ቀድሜ ካልወረድኩ የሷ ኋላ ሊወርድ አይችልም።» ኤርኮሌ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን አራት ካርታዎች እያየ ቀጠለ። ሲናገር ለካህኑ ይሁን ለራሱ አይለይም ነበር። «ኢዞታ በዚህ ጨዋታ እርስዎን ብታገኝ ታስለቅስዎት ነበር፣ አባቴ። ሕመሙ ሲጠናባት አንድ ቀን ካርታ አምጡልኝ አለች። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ፣ ሠራተኞቹን ጠርተን፣ አራት ሆነን ተጫወትን። እኔ ሞር ጣልኩ። ሞር እሷም እጅ ላይ ነበረ፤ አየሁባት። እኔን ተከትላ ብትጥለው ዙሩ የሷ ነበር። አልጣለችውም። ካርታዋን ደፍታ አስቀመጠችው። ለምን አልኳት። ‹ኋላ የሚወርደውን ሌላ ሰው ያውርደው› አለችኝ። በማግሥቱ መናገር አቆመች።»

ፈረሶቹ በዳር ይሄዳሉ፤ ገመዱ ውኃውን ይነካና ይነሳል። ዶን ላታንዚዮ ካርታዎቹን ቀስ ብለው ለኤርኮሌ መለሱለት።

«ሰው በሚሞትበት ሰዓት ጨዋታ ምን ይሠራለታል ብዬ ተናድጄ ነበር» አለ ኤርኮሌ። «ካርታ ሳልነካ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ምን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ሲኞራ ጂኔቭራን ሱቅ ውስጥ ያየኋት ቀን ነው።»

«ታዲያ ይኼን ለምን ለራሷ አልነገሯትም?» አለች ኦርሶላ።

«እንዴት ብዬ? የሞተችው ሚስቴ ፈቅዳልኛለች ብዬ ሴት ልለምን? በሰው ፈቃድ መታጨት ደስ የሚላት ሴት አለች?»

ይህን ሰው ቀደም ብላ ልቡ የተዘጋ ብላው ነበር፤ ልቡ የተሞላ ነበር እንጂ አልተዘጋም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚህ ሰው ዝምታ ግን ሊነቅዝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች።

መንገዱ አጭር ነው፤ ከጠረጴዛው እስከ ጀልባዋ ኋላ ቅርጫትና የቃጫ ጥቅል ብቻ ነው ያለው። ኦርሶላ ግን መሐል ላይ ቆመች። ምክንያቱም አሁን ሁሉም ነገር በሷ እጅ ነበር። ጂኔቭራ ዙሩን እንዴት እንዳነበበችው ከፊቷ አውቃለች። ዝም ብትል ይበቃል፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። ከሰዓት በኋላ ይቺ ጀልባ ትዞራለች፤ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ወደ ቦሎኛ ይመለሳሉ፤ ማታ ሾርባቸውን አንድ ላይ ይበላሉ። ጂኔቭራ ካልተመለሰች ግን የወንድምየው ሚስት ለአንዲት አሮጊት ሞግዚት ምን ጉዳይ አላት? ኦርሶላ የምታድርበት ክፍል ከፋብሪካው አጠገብ ነው፤ ሌሊቱን የሐር መፍተያው መንኮራኩር ሲንጫጫ ያድራል። እስከ ዛሬ ያልሰማችው የምታስበው ሰው ስለነበራት ነው።

በሙያዋ ዋሽታ አታውቅም ብንል እኛም መዋሸታችን ነው። ለከፋቸው ሴቶች ጥቂት ማር ትጨምር ነበር። ሐሞት ግን ጨምራ አታውቅም። አሁንም ሕጓን አስታወሰች፤ የራስን ምኞት ይዞ በሰው ጥያቄ ላይ መቀመጥ የለም። ቀሚሷን ሰበሰበችና ቅርጫቶቹን አልፋ ወጣች።

ጂኔቭራ የመሪው እንጨት አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል፤ ያለቀሰች ቢሆን ይሻል ነበር።

«አየሽው» አለች። «አልደብቅሽም፣ እኔም ማንበብ እችላለሁ። መጀመሪያ እሷ። ከዚያ እንባዋ። ከዚያ ቤቷ። ከሁሉ በኋላ እኔ። ከሱ እጅ የወጣችው እሷ ናት። እኔ ከኋላ ተከትዬ ገባሁ።»

«ማን ወሰደው?»

«ምኑን?»

«ዙሩን። አንቺ የቦሎኛ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ሁለት ሞር በአንድ ዙር ሲገናኝ ማን ይወስዳል?»

ጂኔቭራ አንገቷን ወደ ጠረጴዛው መለሰች።

«በይ እንጂ። አምስት ዓመት ሳይሞላሽ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

«ኋላ የወረደው።»

«ለምን?»

«እኩል ስለሆኑ።»

«እኩል ስለሆኑ» አለች ኦርሶላ። አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቺ ካርታውን እንደ ቀብር ሰልፍ አነበብሽው፤ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ። ጨዋታ እንደዚህ አይነበብም። ጨዋታ ላይ የሚታየው ማን እንደ ወሰደ ነው። የመጀመሪያዋ አላነሰችም፤ አንቺም አልበለጥሽም። ከእኩዮች መሐል ግን ኋላ የወረደው ይወስዳል፤ ሕጉ ይኼ ነው። ጳጳሳቱን ሽረው ሞር ሲያደርጓቸው እንኳን ይቺን ሕግ የነካት የለም።»

ጂኔቭራ ቀና ብላ አየቻት።

«ግን ልብ በይ፤ ዙሩን የወሰደ ሁሉንም ነው የሚወስደው። ቤቱን ብቻ መርጠሽ እንባውን አትተይውም። እሷንም አትተያትም። አብረው በአንቺ እጅ ይሰበሰባሉ። መጋረጃውን የሰቀለችው እሷ ናት፤ እሺ፣ ትሁና። አንቺ ትከፍቺዋለሽ። ይኼን እችላለሁ ካልሽ ውረጂ። አልችልም ካልሽ አትውረጂ። የሷ ቦታ ነው ወይስ የራሴ ላልሽው ግን መልሱ ወጥቷል፤ የሷ ዙር አልነበረም። ያንቺ ነው።»

«አንቺ ይህን የምትይው እንድወርድ ነው?»

«እኔ?» ኦርሶላ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች። «እኔማ እንድትመለሺ ነው የምፈልገው። በጣም ነው የምፈልገው። ለዚህ ነው እውነቱን ብቻ የነገርኩሽ።»

ጂኔቭራ እጇን ያዘቻት። ውኃው ከመሪው ሥር ይንጫጫል።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ኦርሶላ። «እጄ ላይ የበትር ፈረሰኛ ቀርቷል። በር የሚያንኳኳ ሰው ነው፤ ልጅ ይሁን እንግዳ አላውቅም፤ ያንኳኳብሻል። ደግሞም ሂጂና ሰውየውን፣ ፀሐይን ይዞ ለምን በሞር እንደመራ ጠይቂው።»

«ፀሐይን ይዞ ነበር?»

«ጠይቂው። የዚያ መልስ ካርታው ውስጥ የለም፤ እሱ ጋ ነው ያለው።»

ጂኔቭራ ሄደች። ኦርሶላ ከቅርጫቶቹ በላይ ሁለት ጀርባ አየች፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን፣ ሁለቱም ወደ ውኃው። መጀመሪያ ቀጭኑ ተናገረ። ከዚያ ሰፊው ብዙ ተናገረ፤ ይህ ሰው ይህን ያህል ቃል የት አስቀምጦት ነበር እስክትል ድረስ። ማላልቤርጎ ሲታይ ጂኔቭራ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ትስቅ ነበር። ኦርሶላ ደስ አላት፤ ደስታው አንጀቷን እየቆረጠውም ደስ አላት።

ወደቡ ላይ የኤርኮሌ ጀልባ የቃጫ ገመድ እንደ ተራራ ተከምሮባት ትጠብቃለች። ጂኔቭራ ወረደች። ከመውረዷ በፊት ሞግዚቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ዶን ላታንዚዮ የመጨረሻ ሲወርዱ ወደ ኦርሶላ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«እኔ የጣልኩት የዋንጫ አስ» አሉ በሹክሹክታ «ምን ነበር ትርጉሙ?»

«የዋንጫ አስ ነዋ፣ አባቴ። ምን ትርጉም አለው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ካህን ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም።»

ኦርሶላ ግራና ቀኝ አየች። «ቤት ነው።»

«ጥሩ ነገር ጥያለሁ ማለት ነው» አሉና ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ፈረሶቹ ተፈትተው በጀልባዋ ሌላ ጫፍ ተጠመዱ። ኦርሶላ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ካርታዋን ለመሰብሰብ ጀመረች። ከመጨረሻው ዙር ማንም ያላነሳቸው አራቱ ካርታዎች እንደተደራረቡ ነበሩ። የበትር ፈረሰኛው ከእጇ አልወጣም፤ ሳታስበው ይዛው ቆይታለች። ጋላቢው በትሩን ከፍ አድርጎ ያያታል። ማታ ቦሎኛ ትገባለች፤ መንኮራኩሩን ትሰማለች፤ ያን ታውቀዋለች፤ ትችለዋለችም። ኦርሶላ ያልቻለችው ነገር እስካሁን አልመጣም።

ጀልባዋ ተመታች።

አንድ ጊዜ፣ በጡጫ፣ ደህና ተደርጎ። ኦርሶላ ቀና አለች። ኤርኮሌ ወደቡ ላይ ቆሞ ጡጫው እንጨቱ ላይ እንዳለ ነው። ክንዱ ላይ ያለው ጥቁር ጥብጣብ አልተፈታም፤ ጂኔቭራ ያንኑ ክንድ ይዛለች።

«ተጣማጅዎ አይደለሁም» አለ ኤርኮሌ። «ግን መታሁ። ያለዎትን ትልቁን ይጣሉ፣ እማማ ኦርሶላ። ፌራራ ትልቅ ቤት አለኝ፤ ሁለት ሰው ደግሞ ታሮኪ አይጫወትም።»

«እኔ ቦሎኛ ሥራ አለኝ» አለች ኦርሶላ። ድምጿ ኩራት አልጎደለውም። «ሴቶች ይጠብቁኛል።»

«ፌራራም ሴቶች አሉ» አለች ጂኔቭራ። «እማማ፣ ዙሩን የወሰደ ሁሉንም ይወስዳል አላልሽኝም? እስቲ ካርታውን እይው። የሰይፍ አሥሩን ማን ነው የጣለው?»

ኦርሶላ ጠረጴዛውን አየች። ሞር፣ ከሥሩ እንባው፣ ቤቱ፣ በላዩ ሌላው ሞር። እንባውን የጣለችው ራሷ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታ ስታነብ የእንባው ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ ያልረሳች ሴት፣ ዛሬ ብቻ ረስታ ነበር።

«አንብቤያለሁ» አለች ጂኔቭራ። «ነይ ውረጂ።»

ኦርሶላ የበትር ፈረሰኛውን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ በአራቱ ካርታዎች ላይ አኖረችውና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታዋን ሳትሰበስብ ተነሳች።